ሳይዘንብ የሚመጣ

ሌሊት ስምንት ሰዓት። ድሬ ሙቀቷን ታቅፋ አልተኛችም፤
ማራገቢያው ይዞራል እንጂ ነፋስ አይሰጥም።
ሳቢያን መታጠፊያ ላይ ባጃጁ ተገልብጦበት
ጓደኞቹ በሽርጥ ጠቅልለው አስገቡት።
ረምዚ ይባላል። ሃያ አንድ ዓመቱ።
ክርኑ ተላጠ እንጂ ሌላ ቦታ አልተነካ፤
«አቦ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጎኔን ነው፣ ልሂድ በቃ!»
ይላል፤ ይስቃል። ከንፈሩ ግን ነጥቷል፣
ግፊቱ ባይወርድም ምቱ ይጋልባል።

እኔ የደቻቱ ዳር ልጅ ነኝ፣
ውሃ በሌለው ወንዝ፣ አሸዋ ላይ ኳስ ስጠልዝ ያደግሁ።
እናቴ ጥርት ያለ ሰማይ አታምንም ነበር፤
«እዚህ ጠብ ሳይል ደንገጎ ላይ ዘንቦ ይሆናል፤
ይሄ ወንዝ ሳይዘንብ ነው የሚመጣው» ትለን ነበር።
እኛም ማታ ማታ ጆሯችንን መሬት ላይ ለጥፈን
ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ከሩቅ እናዳምጥ ነበር።

ማሽኑን ጎትቼ አመጣሁ። አንዱ ጎማው ሲጥ ሲጥ ይላል።
«ተይ ሂንዲያ» አለች ሲስተር አልጋነሽ፣ «ይሄ የሐኪም እጅ ነው፤
ዶክተር ኬኔሳ ኦፕራሲዮን ላይ ነው፣ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ፤ ይምጣ።
ነገ ስህተት ቢሆን ማን ሊጠየቅ ነው?»
እውነቷን ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ
«ለኪ፣ ጻፊ፣ አሳውቂ» ተብላ ነው የኖረችው፤
«አየሁ» የሚለውን ግስ ማንም አልሰጣትም።

እኔ ስድስት ሳምንት ተምሬያለሁ።
ደብተሬ ላይ ሃምሳ ሁለት ሆድ ተመዝግቧል፤
አብዛኛው ደህና፣ አንዳንዱ ጋዝ ብቻ፣ አንዱን ስቻለሁ።
ያንን አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳም።

ጄሉን ጎኑ ላይ ሳፈስ፣
«ኡፍ! ድሬ ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ተገኘ» አለ።
መጀመሪያ ግራጫ አቧራ፤ ቀስ ብሎ ጉበት፣ ከሥሩ ኩላሊት፣
እንደ መጋላ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው።
ትንፋሽህን ያዝ አልኩት። ያዘ።
ክፍተት መኖር በሌለበት፣ በሁለቱ መሀል፣
ኩል የተኳለ ያህል የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያል።
በዚህ ማሽን ቋንቋ ጥቁር ውሃ ነው። ውሃ ካልሆነ ደም።
ዐይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ሰፍቷል።

ደንገጎ ላይ ዘንቧል።

ስልኩን አነሳሁ። «ዶክተር፣ ሆዱ ውስጥ ደም አለ።»
«ማን አየው?»
ከጀርባው አሁን የተወለደ ሕፃን ያለቅሳል።
«እኔ።»
ዝም አለ። ዝምታው እስከ ጅቡቲ እንደሚሄድ ሐዲድ ረዘመብኝ።
«አምጡት» አለ።
ዞር ስል አልጋነሽ ምንም ሳትል ሁለተኛውን መርፌ አስገብታለች፤
ጓደኞቹን አሰልፋ «እጅጌ ሰብስቡ፣ ደም ልንወስድ ነው» ትላለች።

ሲነጋ ቅጹን ልሞላ ተቀመጥኩ።
«የመረመረው ሐኪም» ይላል፤ ለእኔ የተሰመረ ቦታ የለውም።
ህዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ ሲስተር ሂንዲያ አብዱላሂ። አየሁ።
ረምዚ ገና አልነቃም።
ወደ ቤቴ ስሄድ ድልድዩ ላይ ቆምኩ፤
ሰማዩ ጥርት፣ አሸዋው ደረቅ፣
ልጆች ግብ ሊሠሩ ድንጋይ ይቀባበላሉ።
አላመንኩትም።
ቆሜ አዳመጥኩ።