ሎሚና ቅል

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው ገና ያልተለሰነ፣
ሌሊቱ በልጅ ለቅሶ ነግቶ፣ ቀኑ በልጅ ለቅሶ የባከነ።
ግራ ጡቴ ከባድ፣ እንደ ቅል፣
ቀኙ ሎሚ፣ ጫፉ ገባ ያለ፤
«ከዚችማ ምን ሊወጣ!» የአማቴ ቃል
ከጡጦው ጎን ተቀምጦ ዋለ።

ሌንሴ መጣች፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ጫማዋን ጭቃ ውጦት፣
ከጀሪካን እጇን ታጥባ፣ ወገቤን አየች፣ ድካም አጉብጦት።
«ጡት ስልቻ አይደል» አለች፣ «ወተት በስፋቱ አይለካ፤»
ልጄን ወደኔ ማምጣት ሲገባኝ፣ ወደሱ ስጎብጥ ነበር ለካ!
«ብሎክ ሰባት ያለችው፣ ደረተ ሜዳ፣ መንታ ታጠባለች፤
ባለ ትልቋ ጎረቤቷ በጎኗ ተጋድማ ትመግባለች።»

ፎጣ ጠቅልላ ግራውን ከሥሩ ቀና አረገችው፤
ልጁን ግን ለቀኙ፣ እንደ ገበያ ዶሮ፣ በብብቴ ሥር ሻጠችው፣
እግሩ ወደ ጀርባዬ፣ አገጩ ጡቴን ነክቶ፤
«ቆይ፣ አትቸኩዪ፤ ይምጣ፣ እንደሚያዛጋ አፉን ከፍቶ።»

ሲጎነጭ ሰማሁ። አላመመኝም።

ከሎሚዋ ጠጥቶ፣ ቅሉን ተንተርሶ ተኛ።
ታች «ውኃ መጣ!» ተባለ፣ ባልዲ ተንኳኳ፤
አልተነሣንም እኛ።