ዘውድ ወይስ ንስር

ሌሊቱን ደብዳቤ ስለይ አድሬ፣
ከፖስታ ቤት ስወጣ፥ እንቅልፌን ኪሴ ውስጥ ቋጥሬ፣
እሑድ እሑድ ጠዋት፥ ዝናቡ ሳያባራ፣
ዋዜም ገበያ እወርዳለሁ፤ ሊል ከተማ፥ አሮጌ ዕቃ ተራ።
እዚያ ከተሰበረ ሰዓት፥ ከዛገ መቀስ አጠገብ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ሞልቶ፥ እንደ ሽምብራ በእፍኝ ይሸጣል
መቶ ስድሳ ዓመት ያለፈው ገንዘብ።
ጣቴን እሰድዳለሁ፤ ይቀዘቅዛል፤
እጄ ላይ የሚቀረው ሽታ የደም ይሁን የቁልፍ፥ እስከ ማታ ይከተለኛል።

«አስር ሳንቲም» ይላል። ሳቄ መጣ መጀመሪያ ሳነበው፤
እኔ ቃሉን የማውቀው በልጅነቴ ነው፣
ለማስቲካ ስለምን፥ ከእናቴ ቦርሳም ስሰርቅ፣
እንዲህ ሩቅ አገር አባት እንዳለው ሳላውቅ።

ዘውድ ወይስ ጎፈር? እንል ነበር፥ ኳሱን ማን እንዲጀምር ዕጣ ሲጣል።
እዚህ ግን ጎፈር የለም፤ ከጀርባው ንስር ተቀምጧል፣
መብረቅ በጥፍሩ ጨብጦ፥ ክንፉን ከፍቶ፥ አንገቱን አዙሮ፣
ኮሽታ እንደ ሰማ ዶሮ።
ከፊት ንጉሠ ነገሥቱ፤ ጢሙ ሹል፥ ሪዙ በሰም የቆመ፣
አንገቱ ተቆርጦ ሳለ ደም ያልወጣው፥ ያልታመመ።
በፊተኞቹ ዓመታት ራሱ ባዶ ነው፤ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ፤
በኋላ ጦርነት ቀናውና፥ ብቅ አለ ቅጠል ደፍቶ።

ይህን የነገረኝ ኦዲሎን ነው፤ ጡረታ የወጣ ክር ፈታይ፣
አርባ ዓመት የሰበሰበ፥ ሚስቱን ሳይቀር በአጉሊ መነጽር የሚያይ።
«ፊደሏን ፈልግ» ይለኛል፤ «ከንስሩ ሥር ታናሽ ፊደል አለች፤
‹አ› ከሆነች ፓሪስ፥ ‹ካ› ከሆነች ቦርዶ ተመታች፤
‹ዱብል ቬ› ግን የኛው ናት፤ እዚሁ ሊል ተወለደች።»

ቤቴ፥ አራተኛ ፎቅ። የወይራ ዘይት በሰናፍጭ ብርጭቆ፤
ስምንት ንጉሥ ተነክሮበት፥ ሁለት ወር ሙሉ ተደብቆ።
አረንጓዴው ዝገት በእንጨት ስንጥር ሲለቅ፥ በዝግታ፣
መጀመሪያ ጆሮው ይወጣል፤ ከዚያ አፍንጫው፤
መጨረሻ ላይ ኩርፊያው፥ የጌታ።
ጎረቤቴ ትጠይቀኛለች፦ «ስንት ያወጣል?» «ምንም» እላታለሁ።
ደረጃውን ትወርዳለች። እንዳላመነችኝ አውቃለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ግን፥ ከማዳም ቬርሃግ ጠረጴዛ፣
አንዱን አነሣሁ፤ ፊቱ የሻከረ፥ ዳሩ በእጅ የወዛ።
ንጉሡ ቆብ ደፍቷል፤ አናቱ ላይ ጦር የተተከለበት፥ እንደ ፕሩሻ ወታደር፤
አንገቱ ላይ የውሻ ማሰሪያ፤ በመርፌ ጫፍ የተቀረፀ፥ መስመር በመስመር።
ከሽንፈቱ ማግስት አንድ ሰው፥ ምናልባት ሸማኔ፣
ምናልባት ልጁ ያልተመለሰለት፥ መብራት ሥር ጎንበስ ብሎ፥ «ና እስቲ ወደ እኔ»
ብሎታል ለገዛ ንጉሡ። ጌታው ተማርኮ ሄዷል፤ ፊቱ ግን ቀርቷል በሰው ኪስ፣
ዳቦ ሲገዛ፥ ቢራ ሲከፍል፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲደርስ።
የሩቁን መቅጣት አይቻልም። የቅርቡን ነሐስ ግን ይቻላል፤
ሌሊቱ ረጅም ነው፤ መርፌ አለ፤ አውራ ጣት አጥብቆ ይይዛል።

ኦዲሎን አየና ተከፋ። «ተበላሽቷል» አለ፤ «መዝገብ አይገባም።
ይህን ከኔዎቹ ጋር አላኖርም።»
ማዳም ቬርሃግ ግን ነግራኝ ነበር፥ መሃረቧን ስታጥፍ፦
«የአያቴ አባት ሥራ ነው። እናቴ እርሾ ትመዝንበት ነበር፤
አስር ግራም፥ ቅንጣት የማያልፍ።
ከተፋቀ ወዲህ ጥቂት ጎድሏል፤ ዳቦው ግን ጉድለቱን አላወቀም»
ብላ ሳቀች። አምስት ዩሮ ሰጠኋት። መልስ አልጠየቅሁም።

ይህን ዘይት አላስነካሁትም።
አንዳንድ ማለዳ፥ ከሥራ ስገባ፥ በአውራ ጣቴ አስፈነጥረዋለሁ፦
ዘውድ ወይስ ንስር? እላለሁ።
ጠረጴዛው ላይ ይሾራል፥ ይዝላል፥ ይተኛል፤
ንስሩ ሲወጣ፥ መስኮቴ የሊልን ሰማይ ይዞ ያካፋል።
ፊቱ ሲወጣ ግን፥ ያ ባለ ቆቡ፥ ባለ ማሰሪያው ጌታ፣
ከሽንኩርት ልጣጭ መሀል ቀና ብሎ ያየኛል፣
ቁራሽ እስክወረውርለት፥ በዝምታ።