የድልድዩ ሚዛን

ከገላታ ድልድይ፣ ደረጃው ሲያበቃ፣
ካርቶን አንጥፌ ነው የምውል በጥበቃ፤
ፊቴ ያለው ሚዛን መስታወቱ ነቃ።

«አምስት ሊራ» እላለሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
መርከብ ሠሪ ነበርሁ፣ ጩኸት አይደል ወጌ።

ከጀልባ የሚወርድ ብዙ ዓይነት ሰው አለ፣
ጫማውን አውልቆ «ቀነስሁ ወይ?» እያለ፣
ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን አፍኖ፣
ሚዛን ያታለለ የሚመስለው ሆኖ።
አንዱ ቁልፉን ያወጣል፣ ሴቷ ሰንሰለቷን፣
አንዷማ «ያዝልኝ» አለች የሠርግ ቀለበቷን፤
ወርቁስ ስንት ይከብዳል? አልሁ በሆዴ፣
የሚከብደው ባል ነው ከቀለበት፣ አንዳንዴ።

በየማክሰኞው ማታ ሙዓላ ትመጣለች፣
ትኬት ሻጭ ናት። ወፍራም። ደረጃውን ግን ዘልላ ትወጣለች።
ሰማንያ ስምንት ይላል የነቃው መስታወት፣
ሳቋ ድርግም ይላል እንደ ነፉት መብራት።
«እህቴ ታፍራለች፣ ሐይረቲን፣» ትላለች፣
«የሠርጌ ዕለት ፎቶ ላይ ዳር ቁሚ ትለኛለች።»
ምን እላለሁ እኔ? ቁጥር ነው የምሸጥ፤
ሻይ ጋበዝኋት ብቻ፣ ሌላ ምን ልስጥ።

በጥቅምት ሰማንያ። በኅዳር ሰባ አንድ።
በታኅሣሥ ስልሳ። አደነቃት ሰፈሩ፣ ሴት ቢሉ ወንድ።
«እንዴት አማረብሽ!» አላት ዓሣ ጠባሽ፣
«ምስጢሩን ንገሪን፣ ምን ትተሽ ምን በላሽ?»
እህቷም ጠራቻት፣ አቆመቻት መሐል፤
በስልኳ አሳየችኝ፤ አምሯል ሲባል አምሯል።

እኔ ግን ደረጃ ነው የማየው።
ሦስት ጊዜ አረፈች፣
የብረት መደገፊያውን በሁለት እጅ ያዘች፤
የሰዓቷ ማሰሪያ እስከ ክርኗ ወጣ።
«ሃምሳ ስምንት» አልኋት። እሷ አጨበጨበች፤
ለእኔ ሳቅ ከየት ይምጣ?

መርከብ ሠሪ ነበርሁ። ላዩ አዲስ ቀለም፣
ውስጡ የዛገ መርከብ አይቻለሁ የትም።
ተመርቆ ሲወርድ ሕዝብ ያጨበጭባል፣
ባሕር ግን አያይም፤
ባሕር ውስጥ ይገባል።

ሊራዋን መለስሁ። «ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አልኋት።
«ምነው፣ ቀናህ?» አለች፣ ቀልድ ነበር የመሰላት።
እጄን ግን አየችው፣ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ሚስቴን እንዲህ ስትቀል ነው የወሰዳት አፈር።

ሦስት ወር ጠፋች። ጀልባ መጣ፣ ሄደ።
ሰው በሌለበት ቀን በረዶ ወረደ፣
ሚዛኔም መዘነው፣ ቁጥር አወጣ፣ ዝም፤
ማንን እንደመዘነ ሚዛን አይጠይቅም።

በሚያዝያ አንድ ማታ ኮቴ ሰማሁ ከታች፣
ቀና ሳልል ገና ጆሮዬ ቆጠረች፤
አልቆመም፣ አላረፈም፣ እስከ እኔ ዘለቀ፤
ከዚያ ያ የማውቀው ሳቅ ካጠገቤ ፈነጠቀ።
«የአንገቴ ዕጢ ነው» አለች፣ «ልቤን ሲያስጋልበው፤
እኔው እኔን ስበላ፣ ሰው 'አማረብሽ' የሚለው።»
ጉንጯ ሞልቶ ነበር። እህቷ፣ ሰማሁ፣
«ደግሞ ጀመረሽ?» ብላታለች። ምን ላድርግ? ዝም አልሁ።

አልጠየቀችኝም፤ ወጣች ከነጫማዋ፣
ከነካፖርቷ፣ ከነሲሚት ጉርሻዋ፤
ወደ ታች አላየችም፣ ባሕሩን ነው ያየችው፤
ቁጥሩን ያነበብሁት እኔ፣ እኔው ጋ ነው የቀረው።

አምስት ሊራ ሰጠችኝ። ያንን ግን ተቀበልሁ፤
ነጋዴ ነኝና፣ ክረምቱንም ከስሬአለሁ።

ከዚያ ቁልቁል ሮጠች፣ ስድሳ ደረጃ ሙሉ።
ጀልባው ጮኸ።
ደረሰች፣ ገመዱን ሳይጥሉ።