አንቀጽ ሰባት

ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ነው፣ ፊርማዬም አለ።
አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «መብራት በድንገት ከተጓደለ፣
የጨዋታው ሰዓት ይቁም፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ፣
ኮምፒውተሩ የያዘው ሐሳብ እንዳይጠፋ፣ እንዳይረሣ።»
ስለ ሰውየው ግን የለም፤ አንድ መስመር፣ አንዲት ፊደል፣
ዓይኑ በድንገት ቢጠፋ፣ አንገቱ ወደ ጎን ቢያዘነብል።

ስድስት ቀን፣ ስድስት የቼዝ ጨዋታ፣
ሐይቁ ዳር ካለው የሆቴል አዳራሽ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
የእረፍት ቀን አልነበረም፤ አዳራሹ ለቅዳሜ
ለሰርግ ተይዞ ነበርና። ይህንንም ፈረምኩ ደግሜ።

በዚህ በኩል አንማው፤ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤
የስድስት ቀን ፈቃድ ማን ሰጥቶት? ማታ ማታ ብሎን ይፈታል፣
ጠዋት ግሪሱን በኦሞ አሽቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ይመጣል።
በዚያ በኩል ማንም የለም። አንዲት ጥቁር ሣጥን፣
በጎኗ የምትተነፍስ ማራገቢያ፣ የውስጧን ሙቀት ለመመጠን፣
እና ትህትና፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የማሽኑ እጅ።
የታዘዘችውን ታንቀሳቅሳለች፤ አታስብም እንጂ።
አንዳንዴ ግን ከንፈሯን ትነክሳለች፣
ማሽኑ አንማውን ሲያስጨንቀው። ምን ታድርግ፣ ሰው ነች።

«ሞተር ሲግል» አለኝ በሦስተኛው ቀን፣ ሻይ እየጠጣን በረንዳ፣
«አጠፋዋለሁ፣ ውኃ አፈስበታለሁ። እኔስ የማን እዳ?»
ሳቅኩ። ዳኛ ስለሆንኩ አጭር ሳቅ። እሱ ሐይቁን ያያል፣
እምቦጩ ጫፍ አንድ ይብራ ምንቃሩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንቀላፋል።

የመጀመሪያው አቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ረታ፣
ባጃጆች ጥሩንባ ነፉ፣ ዓሣ ሻጮች አጨበጨቡ ያን ማታ።
ሦስተኛው አቻ። አራተኛውን ይመራ ነበር እስከ ዐሥር ሰዓት፣
ከዚያ እጁ፣ እሱ ሳይሆን እጁ፣ ንግሥቱን ለሣጥኗ ሰጣት።
በአምስተኛው ቀን ሰዓቱን መጫን ረሳ፤ ሰዎች ተጨነቁ፣
እኔ አያለሁ። ዳኛ አይናገርም። ደቂቃዎቹ አለቁ።
ሣጥኗ ያው ነች። አታዛጋም። የት አላትና ሊዝል አንገቷ፣
ሌሊቱን ስትሠራ ብታድርም ጠዋት ያው ነው ጉልበቷ።

ስድስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መብራቱ ሄደ።
ማራገቢያዋ ትንፋሿን አቆመች፤ የሐይቁ ድምፅ በመስኮት ወረደ።
ሰዓቱን አቆምኩ፣ በአንቀጽ ሰባት መሠረት።
ይህ መብራት እኮ፣ ብዬ አሰብኩ፣ ከዚሁ ሐይቅ ነው የሚነሣው፣
ጢስ ዓባይ ላይ ወድቆ፣ ተሰብሮ፣ ሽቦ ላይ የሚወጣው፤
ዛሬ ጣናም ደክሞት ይሆናል። ጣናን ማን ጠየቀው?

አንማው ክንዱን አጥፎ ግንባሩን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ጣለ፣
እንደ ሕፃን ተኛ አልልም፤ እንደጠፋ ሞተር
አንዴ ተንገጫግጮ ዝም አለ።

በር ላይ ምንውዬለት ቆመ፤ ጄኔሬተሩ የእሱ ነው።
«ላስነሣው?»
«ናፍጣ የለም።»
«ጠዋት ነው እኮ የሞላሁት።»
«ናፍጣ የለም አልኩህ።»
ወደ ተኛው ሰው አየ፣ ቆቡን አወለቀ፣
«ለካስ የለም» ብሎ ወጣ፣ በሩ እንዳይጮህ እየተጠነቀቀ።

ሃያ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ የበረንዳው አምፖል በራ።
እኔ አየሁት። ትህትናም አየችው፤ ሣጥኗን ማብራቱን ትታ
ጥፍሯን መመርመር ሆነ ሥራ።
ማንም አልተናገረም። ዓሣ ሻጩ፣ ባለባጃጁ፣ ተማሪው፣
ሳል የመጣበት ሰው እንኳ በጋቢው አፍኖ ቻለው።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ነቃ። የሰሌዳው ጠርዝ ግንባሩ ላይ ታትሟል።
«መብራት መጣ?»
«አሁን» አልኩት። ዳኛ ዋሸ። ይህም ይጻፍ፣ ይገባኛል።

ተጫወተ። ተሸነፈም። ማሽኑ ይበልጠዋል፤ ይህን አልክድም፤
ግን አርባ እጅ ሙሉ እሱ ራሱ ነበር፤ እጁ ብቻውን አልሄደም።
ሲያበቃ ንጉሡን በገዛ ጣቱ በጎኑ አስተኛው፣
ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍን እንደሚያውቅ ሰው።

ቅጹ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ እስከ ዛሬ ያልላክሁት።
«መብራት የጠፋበት ሰዓት»፦ ዘጠኝ ከአምስት ብዬ ሞላሁት።
«መብራት የተመለሰበት»፦
ብዕሩን አነሣሁ። ተውኩት።