ሠላሳ ሁለተኛው

ብሩሹን ሰቅሎ፣ መሰላሉን ሸጦ፣
ጋሽ ሙሄ በጠዋት ዱላውን ጨብጦ
ከሸዋ በር ጀምሮ ፒያሳ እስኪደርስ
ከየሱቁ ግንባር ስሕተት ለቅሞ ሲጨርስ፣
ደብተሩን ይገልጣል እኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ፤
ቃሉ እንደ ዳኛ ነው፣ ዐይኖቹ ወደ ሰማይ።

«የሐኪም ቤቱ ሐ ሃሌታው ሀ ሆኗል፣
የጽዳት ቢሮው ጸ በፀሐዩ ጠቁሯል፣
የሐይቅ ዓሣ ቤቱ፣ ያ ልጅ የጻፈው፣
ሐይቁን አድርቆ ነው ዓሣውን የገደለው።
ዛሬ ብቻ፣ ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ቆጠርሁ፤
ሥልጣኔ ሲወድቅ ቆሜ እያየሁ ቀረሁ።»

እኔ ባነር አታሚ ነኝ።
እሱ ነበር ያስተማረኝ፦
ቀለም መበጥበጥ፣ ክር በጠመኔ ለውሶ መስመር ማስመር፣
መሰላል ላይ እስትንፋስ ይዞ የ«ሞ»ን ወገብ ማዞር።
አሁን ማሽኔ በደቂቃ ሦስት ሜትር ሸራ ይተፋል፤
ደንበኛው በስልክ የላከውን፣ እንደላከው፣ ይጽፋል።
በላቲን ሲልኩልኝ ብቻ ወደ ፊደል እመልሳለሁ፤
የትኛው ሰ፣ የትኛው ሀ፣ ጣቴ ያገኘውን እነካለሁ።

ከሠላሳ አንዱ ዐሥራ ዘጠኙ የእኔ ነው።
ያውቃል። አይለኝም። እሱ ነው የሚከብደው።

«ሕንጻ ሲወድቅ» ይላል «አቧራው ይጨሳል፣
ሰው ይጮሃል፣ ውሻ ይሸሻል።
ሥልጣኔ ግን ሲወድቅ ማን ይሰማል?
ዛሬ ፊደሉ ይስታል፣
ነገ ቃሉ ይላላል፣
ከነገ ወዲያ የፈረመ ሰው ፊርማውን ይክዳል።»
ሉባባ፣ ባነር የምታዘጋጅልኝ፣ ከስክሪኑ ቀና ሳትል፣
«ዓሣው እኮ በአራት ሰዓት አለቀ፤ ማን አየለት ፊደል?»

ነሐሴ ነው። የጦሳ ጭጋግ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል።
ሌሊት የጣለው ዝናብ አራዳ አንድ ሱቅ ገሽልጧል፤
አዲሱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ከሥሩ አሮጌው ወጥቷል፦
ሰማያዊ መደብ፣ ቢጫ ፊደል፣ ጥላው ጥቁር፣
«የወንዶች ልብስ ስፌት»፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሥር።
እንዴት ያለ እጅ!
ጋሽ ሙሄ ኮፍያውን አወለቀ።
«የእኛ ዘመን…» ሊል ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ።
አላለም።
ከታች፣ ቀኝ ጥግ፣ በቀጭን ብሩሽ፦
«ሰዓሊ ሙሄ፣ ደሴ»፣
በእሳቱ ሰ።
ንጉሡ መሆን ሲገባው።

አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጭቶብን አለፈ።
ያላየሁ ለመምሰል ወደ መናኸሪያው ዞርሁ።
እሱ ግን ደብተሩን አወጣ፣ እርሳሱን በምላሱ አራሰ፣
ጻፈ፦ ሠላሳ ሁለት።
ቀኑን። ቦታውን።
የጸሐፊውን ስም፣ እስከ አያቱ።

ደሴ እንደሁ ድሮም ያዘመመች ናት፣ ተዳፋት ላይ የበቀለች፤
ክረምት በገባ ቁጥር «ዘንድሮስ ሄደች» ይሏታል፣ እሷ አለች።
ደግሞ እውነት የሄደ አለ፤ አጥሩ የሄደበት፣ ቤቱ የሄደበት፣
ጠዋት ተነሥቶ ደጁን ካደረበት ዝቅ ብሎ ያገኘበት።
ያዘመመ ሁሉ ይወድቅ እንደሁ አላውቅም።
ያላዘመመ ግን፣ እዚህ አገር፣ አይቼ አላውቅም።

ማታ ልዘጋ ስል ስልኬ ጮኸ።
«ሥልጣኔን በየትኛው ሰ ነው የምትጽፈው?» አለ፣ ሰላም ሳይለኝ።
ጣቴ ሰሌዳው ላይ ቆመ።
ሉባባ ጃኬቷን እየለበሰች
«በንጉሡ» አለች።
«ማን ናት?» አለኝ። ሳልመልስ ዘጋው።

በነጋታው አራት ስሕተት ሠራሁ።
አንዱን፣ ሸራው ሳይወጣ፣ አየሁት።