አንድ ጥርስ

ሞርዌና ከአሮጌው ቫን ሥር በጀርባዋ ተንጋላ፣
ዝገት ፊቷ ላይ እየረገፈ፣ የኋላውን ብረት ነቅላ፣
አንድ ጥርስ ልትመልሰው ነው፤ ከዚያ አይበልጥም ወደ ላይ።
ዴንዚል ባትሪ ይዞ፣ ከክሪኩ ጎን አጎንብሶ ሲያይ፣
«ነግሬሽ ነበር፤ ሆዱን የሚጎትት እባብ እንጂ ቫን አይደለም።»

ዝቅ ስታደርገውም «ለታይታ ነው» ሲሏት አልመለሰችም።
የአባቷን ጉልበት ማን ጠየቀ፣
ከስንዝር በላይ አልወጣም ብሎ የደረቀ?

ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በኮርንዎል፣ የፋልን ወንዝ ሊሻገሩ ጀልባው ዘንድ ሲደርሱ፣
ጭስ ማውጫው ብረት ይፍቃል፤
ሽማግሌው «ወገቤን!» ይላል፣ የተፋቀ ይመስል ራሱ።

መለኪያዋ ምርኩዙ ነው፣ በቢላ ምልክት የተበጣ።
ብሎኑ ጠበቀ። ክሪኩ ወረደ።
አባትየው መጣ፣
አንድ እግሩን አነሳ፤
አየር ላይ ትንሽ አቆየው።

ዴንዚል መፍቻውን ቀስ ብሎ ሳሩ ላይ አስቀመጠ።