መርፌ ከመሸ

ሂርማታ አጠገብ፣ ከአወይቱ ድልድይ፣
የአክስቴ የራቢያ ሱቅ ነበረች በስተላይ።
ጨው፣ ክብሪት፣ ክር፣ ቁልፍ ትቸረችራለች፤
ጀምበር ስታዘቀዝቅ መርፌን ትደብቃለች።
«መርፌ አለሽ?» ቢሏት «የለም» ነው መልሷ፣
አንዱ ተሰክቶ ሳለ ከቀሚሷ።
«ገድ ይሄዳል» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም፤
ማታ ቤት አትጠርግም፣ ጨው አታበድርም።

እኔ የነገር ሥሩን ካልማስኩ አልተኛም ነበር፤
አባ ዲልቢን ጠየቅኩ፣ በርጩማ ሲሰረስር።

«ጨው?» አለ፣ «እሱማ የስስታም ብልሃት ነው፤
ተበዳሪ ቢበዛበት ‹ገድ› ብሎ ሰየመው።
መጥረጉ የጉትቻ ነው፤ አንዲት የመንደራ
ሙሽራ በጨለማ ጣለችው ከጉድፍ ጋራ።»

«መርፌውስ?»

መሮውን አኖረ። እጁን ጠረገ።
«ኩራዙ ጋዝ ጨርሶ ጭል ጭል እያደረገ፣
እናት ጥብቆ ስትሰፋ መርፌው አመለጣት፤
ዳበሰች፣ ዳበሰች፤ ጨለማው በለጣት።
ሕፃኑን አስተኛችው እዚያው ሰሌኑ ላይ…»
መሮውን አነሳ። አንገቱን ደፋ፣ እኔን እንዳያይ።

አክስቴ ወልዳ አታውቅም ሲሉ ነበር የሰማሁት።

ዛሬ ሱቋ የኔ ናት። አምፖሉ ሦስት ነው፣
ጤፍ ወለል ላይ ብትወድቅ ዓይኔ የሚያነሳው።
ትናንት ማታ አንዲት ልጅ፣ ዩኒፎርሟን ይዛ፣
«ቁልፌ ተበጥሶ» አለች በሩን ተመርኩዛ፤
«መርፌ አለ?»
          እጄ መሳቢያው ላይ ነው፤ ሙሉ ነው፣ ከነፓኬቱ።
«የለም» አልኳት።
          «ነገ ነይ፤ በጠዋቱ።»